ለጁምዓ የተገጠመ ፓራፋንጎ

ዛሬ መርሳ ላይ በጋራዥ በኩል ሳልፍ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝና አባባ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ የጭነት መኪናው ከጎማ ኋላ የሚንጠለጠለው ፓራፋንጎ ተገንጥሎበት ከአሮጌ ጎማ ሌላ ቆርጦ በጋለ ብረት ይበሳ ነበር።

እማዬ ተናደደች። "ወልድያ እየጠበቁህ ነው! መኪናው ያለሱ አይሄድም?"

"መኪናውማ ይሄዳል። ይሄ ለጁምዓ ነው" አላት ቀና ሳይል።

ጁምዓ የሚሰግዱት ጎረቤቶቻችን እንጂ እኛ አልነበርንም፤ ነገሩ አልገባኝም።

ጋራዡን እንዳለፍኩ አንድ ፓራፋንጎ የሌለው መኪና የታቆረውን ውሃ ሰንጥቆ በረረ። ከፊቴ ለጁምዓ ወደ መስጊድ ይሄዱ የነበሩት አዛውንት ነጭ ጀለቢያ በጭቃ ተለወሰ።

"አይዞዎት አባቴ" አልኳቸው።

"አልሐምዱሊላህ፣ ይታጠባል" አሉና ጥቂት ቆመው አዛኑን አዳመጡ። ከዚያ በጭቃ ልብስ አይሰገድምና ሊቀይሩ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

አባባ ያን ጠዋት የዘገየው እንደ እሳቸው ላሉት ነበር።