አምበሌ ነው

ዛሬ ከልምምድ በፊት ከዩኒቨርሲቲ ቡድናችን አንዷ ጉልበቷን በካምፎር ቅባት ስታሽ፣ ሽታው በስደት ወዳደግኩበት ሰፈር፣ ወደ ሃውገሩድ ሜዳ ዳር ወሰደኝ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ። አባቴና ጋሽ ታደሰ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከእኛ ከልጆቹ ጋር ኳስ ተጫውተው፣ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። በወጣትነታቸው ለአንድ የመምህራን ኮሌጅ ሲጫወቱ ጋሽ ታደሰ አምበል፣ አባቴ በረኛ ነበሩ። አባቴ አንድ ዓመት ዋንጫ ያገኙት እሱ የመጨረሻዋን ፍጹም ቅጣት ምት አድኖ እንደሆነ ስንት ጊዜ ነግሮኛል! እኔም ለክፍሌ ልጆች ሁሉ አውርቻለሁ።

“ጋሽ ታደሰ፣ አባዬ ፍጹም ቅጣት ምቷን እንዴት እንዳዳናት ንገረኝ” አልኩት አንድ ቀን።

“የምን ሪጎሬ?” ብሎ ሳቀ። “ዝናብ ጨዋታውን አቋርጦት ዋንጫውን በዕጣ ነው የወሰድነው። አባትሽማ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ነበር!”

አባቴን አየሁት። “ልክ ነው፣ ዝናብ ነበር” አለና ማሸቱን ቀጠለ።

ወደ ቤት ስንሄድ “ታዲያ ዋሽተኸኝ ነው?” አልኩት።

“ኔይ፣ አልዋሸሁም።”

“እሱ ነው የዋሸው?”

“አምበሌ ነው፤ በሰው ፊት አይታረምም።”

“ምቷን ግን አድነሃታል?”

“አምበሌ ነው አልኩሽ እኮ።”

ዛሬ አምበላችን በቡድኑ ፊት ያለፈውን ጨዋታ ውጤት ስትናገር ተሳሳተች። “ኔይ፣ ሁለት ለአንድ ነው የተሸነፍነው” አልኳት ወዲያው። “ያ፣ አዎ፣ ልክ ነሽ” ብላ ጫማዋን ማሰር ቀጠለች። ማንም ቅር አላለውም። እኔ ብቻ የበረኛ ጓንቴን እንደያዝኩ፣ ፊቴ ለምን እንደጋለ ሳይገባኝ ቆምኩ።