ብርድ ልብስ የደረበችው ፓፓያ

እናቴ በሞተች በዓመቱ አባቴ ከመርሳ ተነሥተው ወልድያ እኔ ቤት ገቡ። በመሐረብ የቋጠሩት የፓፓያ ዘር ይዘው ነበር። «አባዬ፣ ወልድያ እኮ ብርድ ነው፤ የቆላ ነገር እዚህ አይሆንም» ብላቸው፣ «አንቺስ የቆላ ልጅ አይደለሽ? ሆነሽ የለም ወይ?» አሉኝ። ከጓሮ፣ ጠዋት ፀሐይ ከሚያገኘው የድንጋይ ካብ ሥር ዘሩት፤ አንዷ ብቻ በቀለች። ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ቁመቷ ከእኔ ትንሽ በልጦ ፍሬ ይዛለች።

ሰፈሩ ተነቅሎ በእግሩ ወደ ደሴ ሲጎርፍ እኔ ቀረሁ። አባቴ ከቤት እስከ ጓሮ በከዘራ የሚሄዱ ሰው ናቸው፤ ጥያቸው ልሂድ? ኧረ እቴ! እኔ በሕይወት እያለሁማ አይሆንም።

ታጣቂዎቹ ከተማውን ከያዙት ወራት አለፈ። መብራት የለ፣ ወፍጮ የለ፣ መድኃኒት የለ። የተረፈን ማሽላ ብቻ ስለነበር ንፍሮ እየቀቀልን እንበላለን። አባቴ ደግሞ ጥርስ የላቸውም። በሙቀጫ ብወቅጠው፣ ገንፎ ባስመስለው፣ ሆዳቸው አልቀበልም አለ። ኅዳር ሲገባ ከውሃና ከፓፓያ በቀር የሚወርድላቸው ነገር ጠፋ። የበሰለውን ጨርሰን ዛፏ ላይ አራት ፍሬ ቀረ፤ አራቱም ጥሬ። ጥሬውን ቀቅዬ ብሰጣቸው አስመለሳቸው። አንደኛዋ ከሥሯ ቢጫ መሆን ጀምራለች። እሷ እስክትበስል አባቴን ማቆየት ነበር ሥራዬ፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ታዲያ ብርዱ መጣ። በኅዳር ሰማዩ ከአመሻሹ ጥርት ብሎ ነፋሱ ከቆመ፣ ለነጋታው ውርጭ አለ ማለት ነው። የእኛ ሰፈር ወንዝ ዳር ረባዳ ላይ ስለሆነ ብርዱ ከጋራው ወርዶ እዚያ ይተኛል። አንድ ጠዋት ስወጣ የጎረቤቴ የዱባ ሐረግ የተቀቀለ ጎመን መስሎ ወድቋል። ሮጬ ፓፓያዋን አየሁ። ከላይ ሁለት ቅጠል ተኮማትሯል፤ ፍሬዎቹ ደህና ናቸው። አልሐምዱሊላህ! ግን ነገስ?

የዱባው ባለቤት ከጉባ ላፍቶ ደጋ የወረዱ፣ ከውርጭ ጋር ተናንቀው ያደጉ ክርስቲያን እናት ናቸው። «ላስቲክ እንዳታለብሺያት፤ ላስቲክ የነካው ቅጠል ያርራል» አሉኝ። «እኛ አገር ባቄላው አብቦ ውርጭ ከመጣ፣ ሊነጋጋ ሲል እርጥብ ገለባና እበት እናጨሳለን። ጭሱ እንደ ጋቢ ይተኛበታል። ነበልባል እንዳታስነሺ ብቻ።»

በነጋታው ፈጅርን ሰግጄ እንደጨረስኩ አጨስኩ። ምን ያለ ጭስ መሰላችሁ! መጀመሪያ ጓሮውን ሞላው፣ ከዚያ ሰፈሩን አልፎ ወደ ላይ ወጣ። የእኔ ስሕተት ይኸው ነው፤ ስለ ውርጩ ስጨነቅ ከተማው በማን እጅ እንዳለ ረሳሁት።

ሁለት ታጣቂዎች በሩን በርግደው ገቡ። «ለማን ነው ምልክት የምትሰጪው?» አለ አንደኛው። ለካ ለድሮን የማጨስ መስሏቸዋል!

«ለፓፓያዬ» አልኩት።

«ትቀልጃለሽ?» አፈሙዙን አዞረብኝ። ምን እዋሻለሁ፣ ፈራሁ። ንዴቴ ግን ከፍርሃቴ በለጠ። «ባገርህ ውርጭ አይጥልም? ያቻትልህ፣ እሷኑ ጠይቃት!» ብዬ ዛፏን አሳየሁት። ጓደኛው ሳቁ አመለጠው። እሱ ግን እሳቱን በጫማው በትኖ፣ «ሁለተኛ ጭስ ካየሁ ዛፏንም እቆርጣታለሁ፣ አንቺንም አልምርሽም» ብሎኝ ወጣ።

ጭስ ከለከልከኝ እንጂ ሙቀት አልከለከልከኝ፣ አልኩ በሆዴ። በዚያው ቀን አራት አጣና ዙሪያዋን ተከልኩ፣ ጨርቁ ቅጠሏን እንዳይጫናት። አመሻሹ ላይ የአልጋዬን ብርድ ልብስ እስከ መሬት ጣልኩባትና በከሰል ያሞቅኩትን ሁለት ጀሪካን ውሃ ከውስጥ አስቀመጥኩ። ጠዋት ፀሐይ ሲያገኛት እገልጣታለሁ። አባቴ በመስኮት እያዩ፣ «እኔን እንኳ እንዲህ አላስታመምሽኝም» ብለው ይስቁብኛል። እኔ ቀሚሶቼን ደራርቤ እየተንቀጠቀጥኩ አድራለሁ።

በሳምንቱ ያው የዛተብኝ ሰውዬ ብቻውን መጣ። ገና ብርድ ልብሱን ሳልገልጥ ደረሰብኝ። «ሰው በብርድ እያለቀ ዛፍ ታለብሻለሽ?» ብሎ ጫፉን ያዘ። ሌላውን ጫፍ እኔ ያዝኩ። ራዲዮኔን ወስደዋል፣ ዶሮዎቼን በልተዋል፤ ያኔ ዝም ብያለሁ። ይህን ግን ወላሂ አልለቅም! «አባቴ የሚበሉት ከዚህች ዛፍ ብቻ ነው። መጀመሪያ ተኩስ፣ ከዚያ ትወስደዋለህ» አልኩት፤ ጩኸቴ መንገድ ድረስ ይሰማል።

አባቴ በከዘራቸው እየተጎተቱ ወጡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና፣ «እንካ ልጄ፣ ይኸን ልበስ። እሷን ተዋት» አሉት።

«አባዬ፣ እንዳይሰጡት!»

ሰውዬው ጋቢውን ተቀብሎ፣ ቀና ብሎም ሳያያቸው ሄደ። ያን ቀን በአባቴ የተናደድኩትን ያህል በማንም ተናድጄ አላውቅም። «ከሚቀማኝ ብሰጠው ይሻለኛል» ብለው ገቡ። ትርፍ ቀሚሶቼን አውልቄ እሳቸው ላይ ደረብኩ፤ አበባ ያለበትን ከላይ።

ከአራት ቀን በኋላ ቢጫዋ ፍሬ ስጫናት ለስለስ አለች። ቆረጥኳት። ጓዳ ተደብቄ አላበላቸውም አልኩ። የግቢውን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ አባቴን በአበባ ቀሚሴ እንደተጠቀለሉ ደጃፍ ላይ አስቀመጥኳቸውና በማንኪያ አጎርሳቸው ጀመር። መጀመሪያ ፈራ ተባ አሉ፤ ሦስተኛው ሲወርድላቸው ራሳቸው አፋቸውን ከፈቱ።

ያ ሰው በጋቢያቸው ተጀቡኖ በበራችን ሲያልፍ ቆም ብሎ ተመለከተን። አባቴ ዋጥ አደረጉና፣ «ይቅመስ፣ ስጪው» አሉኝ።

«አንዲት ማንኪያ አትደርሰውም!» አልኩ እሱ እየሰማ፤ ቀጣዩንም አባቴን አጎረስኳቸው።