ደሙ ደርቋል ያልን ጊዜ

የእርጥብ ካፖርት ሽታ ባፍንጫዬ ሲመጣ እስከ ዛሬ መቀመጥ አልችልም፣ ተነስቼ በሩን አያለሁ። ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም፤ ደርግ ከገባ ሰንብቷል፣ እኔም የወተት ጥርሴ መውለቅ ጀምሯል፣ ከዚህ በላይ ብትጠይቁኝ ዋሽቼ ነው የምነግራችሁ። ክረምት መሆኑን ግን አውቃለሁ፣ ፖሊሶቹ ታላቅ ወንድሜን ሲሳይን ፍለጋ ዝናብ የጠጣ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ቤታችንን ሞልተውት ነበርና።

ሲሳይ ፖሊስ ገድሎ ነበር። እኛ የምንኖረው ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ነው፤ ሟቹ አስር አለቃም ከጋራው ማዶ ያለው መንደር ልጅ ነበር። ገበያ መሃል አባቴን በጥፊ መታው፣ ሲሳይም ወንዙ መውረጃ ላይ ጠብቆ በሽመል አናቱን አለው፣ ሰውየውም እዚያው ቀረ። ወንድሜ በዚያው ወደ አበርገሌ ቆላ ወረደ።

መስከረም ጠብቶ ገብሱ ሲያሽት ለእኛ እንቅልፍ አልነበረንም። ደመኛ ከደመኛው ጋር ካንድ ምንጭ አይቀዳምና እናቴ ውሃ ፍለጋ ሩቅ ትወርድ ነበር፣ አባቴ አንድ ቀን ዋሻ አንድ ቀን ዘመድ ቤት ያድር ነበር፣ እኔም ውሻ በጮኸ ቁጥር ከመደቤ ዘልዬ እነሳ ነበር።

አዝመራው ተሰብስቦ አውድማው ሲጸዳ ሽማግሌዎችና ቄሶች መሃል ገቡ። አባቴ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ሄዶ በሟች እናት እግር ሥር ወደቀ፤ ሴትዮዋም ብዙ አልቅሰው «ስለ እግዚአብሔር ብዬ ትቻለሁ» አሉ፣ ሁለቱ ወገን ባንድ ማዕድ በላ። በእኛ አገር ይህ ከሆነ ደሙ ደረቀ ይባላል፣ ሌላ የሚቀር ነገር የለም። ስለዚህ አባቴ ቆላ ልኮ ሲሳይን አስመጣና፣ የታጠበ ኩታ አልብሶ፣ እኔን አስከትሎ፣ በገዛ እጁ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደው።

«ጓድ ጌታዬ፣ ታርቀናል፤ እንግዲህ ልጁን ፍለጋ አትድከሙ ልላችሁ ነው የመጣሁ» አለ።

የጣቢያው ሃምሳ አለቃ አባቴ የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀጥሎ ግን «አባባ፣ እርስዎ የታረቁ ከእናቱ ጋር ነው፤ ሟቹ የመንግሥት ሰው ነው» አለና ሲሳይን ይዞ ገባ። አባቴ የልጁን ክንድ ይዞበት የነበረውን እጁን እያየ ቆሞ ቀረ።

በጋው ሲጠና ዳኞች ከደሴ መጡ፣ ዐቃቤ ሕጉም ሞት ይፈረድበት አለ። «ይሰቀላል» የሚለው ወሬ በየቤቱ ይዞር ስለነበር እናቴ እህል ካፏ አይገባም ነበር። በፍርዱ ቀን የሟች እናት ማንም ሳይጠራቸው መቋሚያቸውን ይዘው መጡና ቆሙ።

«እናት፣ ልጅዎን እኮ ነው የገደለው» አሏቸው ዳኛው።

«የቀበርኩት እኔ፣ ለኔ ትነግረኛለህ?» አሉና በመቋሚያቸው እኔን አሳዩ። «ይኸን ትንሽ ታዩታላችሁ? ወንድሙን ብትሰቅሉበት ነገ አድጎ የቀረልኝን ልጅ ይገድላል። እናንተ ያን ጊዜ ደሴ ናችሁ፤ እዚህ የምንቀር እኛ ነን።»

ዳኞቹ ተማክረው ዕድሜ ልክ ፈረዱበት።

ከፋሲካ ወዲያ አባቴ ከሐፍረቱ የተነሳ ከቤት መውጣት ተወ፣ እናቴም ታመመች፣ ወደ ወህኒ ስንቅ ማመላለሱ በእኔ ላይ ወደቀ። መንገዱ በሟቹ መንደር ሥር ያልፋል። የአጎቱ ልጆች እርቁን ባፋቸው እንጂ በልባቸው አልተቀበሉትም ነበርና ከመንገዱ መታጠፊያ በላይ ተቀምጠው «አንተ የገዳይ ወንድም፣ ስንቁን ለራስህ ያዘው፣ የምትሄድበት ሩቅ ነው!» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን በድንጋይ አባረሩኝ፣ የያዝኩት ድርቆሽ እንጀራ ገደል ገባ፣ እኔም ባዶ አገልግል ይዤ እያለቀስኩ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት የሟች እናት መታጠፊያው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «ና፣ ከኋላዬ ሁን» አሉኝ። ከላይ አንዱ ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ «አንተ ጀግና፣ መጀመሪያ ጅብ የበላብህን አህያ ደም መልስ!» ብለው ጮኹበት፣ የራሱ ጓደኞች ሳቁበት። ከዚያ ወዲህ ክረምት ከበጋ ከፊቴ ይሄዱ ነበር፣ የሟች እናት ከፊት እያሉ ድንጋይ የሚያነሳ አልነበረም፣ እኔም የነጠላቸውን ጫፍ እያየሁ እከተላቸው ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ሲሳይ ጢሙ ሸብቶ ከወህኒ ወጣ።

ዛሬ በዚያ መታጠፊያ ባጃጅ ሽው ብሎ ያልፋል፣ የልጅ ልጆቼም ከእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ጋር ተጣበው ተሳፍረው እየሳቁ ይሄዳሉ፣ ማን የማን ደመኛ እንደነበረ አያውቁም፣ እኔም አልነግራቸውም። እዚያ ሲደረስ አንገቱ ወደ ላይ የሚዞር እኔ ብቻ ነኝ። የሴትዮዋን ስም ግን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፤ እማማ ዝማም ይባሉ ነበር።