ሽብሩ ያፈሰው ውሃ

ኮንጋ መንደር ውስጥ ሽብሩን የማያውቀው ካሜራ ያልደገነበት ሰው ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ የለም።

ሃያ ሁለት ዓመት በቡና ማጠቢያ ጣቢያው የማድረቂያ አልጋ ጠባቂ ነበር። ከታጠበ ቡና መካከል አንዲት የጠቆረች ፍሬ ከሩቅ የምትለይ ዓይን አለችው። ልጁ ትንቢት መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኳን ስትተውለት ያቺ ዓይን ወደ ስልኩ ተሻገረች፤ የቤቱን ኑሮ ይቀርጽ ጀመር።

መጀመሪያ አልሆነለትም። ስልኩን ሲያነሳ ቤተሰቡ ሁሉ ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ትንፋሹን ውጦ ቀጥ ይላል። ሚስቱ ዘነቡ ሳትቀር ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ትቆማለች።

«ተንቀሳቀሺ እንጂ!»

«ፎቶው እንዳይበላሽብህ ብዬ ነው።»

በኋላ ዘዴው ገባው፤ የሰው እጅ ሥራ ሲይዝ ፊቱ ነጻ ይወጣል። እንሰት ሲፋቅ፣ ቡና ሲለቀም፣ ፍየሏ የመዝሙር ደብተር አኝካ ስትባረር ይቀርጽና፣ ቆርጦ ቀጥሎ፣ እሑድ ከቸርች መልስ በቴሌቪዥን ያሳያል። ጎረቤቱ አግዳሚ ወንበሩን ተሸክሞ ይመጣል። ሳቁ ከመንገድ ይሰማል።

የገና ዕለት ግን ሳቁ መዘዝ አመጣ። ታላቅ ወንድሙ ሲሞን ዲላ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ የቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ ናቸው። አባታቸው ካረፉ ወዲህ በቤተሰቡ የሚመርቁት እሳቸው ናቸው። ሽብሩ በዚያ ቀን ባሳየው ፊልም ላይ ሲሞን በረጅም ጸሎት መሐል እንቅልፍ ጥሏቸው ያንኮራፋሉ። ሽብሩ ከዚያ ቀጥሎ የቡና መፈልፈያውን ማሽን አስገብቶበታል። ማንኮራፋት፣ ማሽን፣ ማንኮራፋት፣ ማሽን። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሽብሩ የሳቂዎቹን ፊት ለሌላ ፊልም ብሎ እየቀረጸ ሳለ ሲሞን ብድግ አሉ። የካፖርታቸው ጫፍ የውሃውን ጆግ ጠልፎ ገለበጠው።

«ያስተማርኩህ መሳቂያ እንድታደርገኝ ነው?» ብለው ወጡ። ውሃውን የአፈሩ ወለል ጠጣው።

ፋሲካ ሲያልፍ ለትንቢት ሠርግ ቀን ተቆረጠ። ያለ ታላቅ ምርቃት ልጅ መዳር ለሽብሩ ጣራ የሌለው ቤት እንደማቆም ነው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከ። ሁለቴም ያው መልስ መጣ፤ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም በሉት።»

ሠርጉ አሥር ቀን ሲቀረው ሲሞን ጆጉን ገልብጠው ሲወጡ የተቀረጸበትን የገና ቅጂ ሊያጠፋው ተቀመጠ። ለልጅ ልጆቹ እንዲህ ያለ ቀን ማቆየት አልፈለገም። ጣቱ ግን ማጥፊያዋን ስቶ፣ ከጎኗ ያለችውን ወደ ኋላ የዞረች ቀስት ነካ።

መጀመሪያ ስልኩ የተበላሸ መሰለው። ባዶው በር ላይ አንድ ጀርባ ብቅ አለ፤ የሲሞን ጀርባ። ሲሞን ወደ ኋላቸው እየተራመዱ ገቡ። ወለሉ ላይ የነበረው ጥቁር እርጥበት ከዳር ወደ መሐል ተሰበሰበ። አፈሩ የጠጣውን መለሰ። ውሃው እንደ መስታወት ጠርቶ ተነሳ፤ ዘሎም የጆጉ አፍ ውስጥ ገባ፤ ጆጉም ቀና ብሎ ቆመ። አንዲት ጠብታ አልቀረችም። ሲሞን ተቀመጡ።

ሽብሩ ሳያውቀው ቆሞ ነበር። ስልሳ ዓመት ሙሉ ያንን የፈሰሰ ውሃ ተረት ሲሰማ ማንም ሲያስተባብለው አላየም።

«ዘነቡ! ኧረ ዘነቡ! ነይ ተመልከቺ!»

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። አየች። ደግማ አየች።

«ኢየሱስ ጌታ!» አለች በመጨረሻ። «ታዲያ ለኔ ምን ታሳየኛለህ? ዲላ አትወስደውም?»

በማግስቱ በሞተር ይርጋጨፌ፣ ከዚያ በሚኒባስ ዲላ ገባ። ሲሞን በረንዳቸው ላይ ጋዜጣ ይዘው ነበር።

«ዛሬ ደግሞ ምኔን ልትቀርጽ ነው? ጥርሴን?»

«ወንድም ጋሼ፣ ውሃውን ብቻ ይዩልኝ።»

አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና «ድገመው» አሉ። በሦስተኛው ስልኩን ከእጁ ወሰዱት፤ ጋዜጣው ከጭናቸው ሲወድቅ አልሰሙም።

«ይሄ ሰውዬ» አሉ ስልኩ ላይ ራሳቸውን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ወደ ኋላው ሲገባ እንኳ ኩራቱ አልበረደለትም።»

ሽብሩ መሳቅ አማረውና ፈራ።

«ውሃው በራሱ አልተነሳም» አሉ ሲሞን። «ጣትህን ያሳረፍክበት አንተ ነህ። ሽማግሌ ስትልክብኝ የራስህ እግር የት ነበር?»

ሽብሩ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ያዘ። «ይቅር ይበሉኝ። ሳቁ ጣፍጦኝ ክብርዎን ረሳሁ።»

ሲሞን በሁለት እጃቸው አነሱት።

የሠርጉ ዕለት ያንኑ ካፖርት ለብሰው ከበሩ ብቅ ሲሉ ዘነቡ ሮጣ ጆጉን ከመንገዳቸው አነሳች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ከሁሉ ቀድመው የሳቁት ሲሞን ነበሩ። በሙሽሮቹ ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው «የፈሰሰ የሚታፈስበት ቤት ይሁንላችሁ» ብለው መረቁ። የሰማው ሁሉ እንዲህ ያለ ምርቃት አዲስ ቢሆንበትም «አሜን» አለ።

ዛሬ የሰፈሩ ሕፃናት እሑድ እሑድ ያቺን ቀስት ካልነካህ ይሉታል። ይነካላቸዋል። የተለቀመው ቡና ከቅርጫቱ እየዘለለ ቅርንጫፉ ላይ ሲሰቀል ሕፃናቱም እሱም አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። የሠርጉ ፊልም ላይ ግን ጣታቸውን የሰደዱ እንደሆነ ስልኩን ወደ ደረቱ ያስጠጋል።

«ተዉ!» ይላል። «ወደ ኋላ ከዞረ ወንድም ጋሼ ይወጡብኛል።»