የአምስተኛው ብልጭታ ቀን

«ጢስህን አየሁት፣ ከማዶ ሲጨስ፤
እሳትህ የት ይሆን...»

ከዚህ በላይ አልመጣላትም። ሚስጥር ሳምንቱን ሙሉ ይህችን ግጥም ታንጎራጉራለች፤ ጭራዋን ግን ታጣዋለች። ግሽ አባይ ካለው ቤታቸው በረንዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ኮምፒውተሩን ታያለች፣ ደግሞ ትነሣለች። የድንች ወጡ እንጀራው ላይ ቀዝቅዟል።

«ድንቹ ከቆጋ ድረስ የመጣው ልትንቂው ነው?» አለች ታናሽ እህቷ ኪዲ።

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልላክሁ ምዕራፉ ይሰረዛል። ተይኝ!»

የሁለተኛ ዲግሪዋ ጽሑፍ ነው። ሚስጥር የፊዚክስ መምህርት ናት፤ ልቧ ግን ሦስት ዓመት ከአንድ ኳዘር ጋር ከርሟል። እዚያ፣ በሩቅ ጋላክሲ እምብርት፣ ከግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ አጠገብ የጋለ ነገር እንደ ወንዝ ይወረወራል፤ ፍጥነቱ የብርሃንን ሊደርስ ምንም አይቀረው። አንዳንዴም በጋማ ጨረር ቦግ ይላል። የት ላይ? ከጉድጓዱ ሥር ወይስ ርቆ?

አባይ ከጣና ሲወጣ ዝም ብሎ ነው፤ የሚጮኸውም የሚጨሰውም ወርዶ ገደሉን ሲያገኝ ነው። የሚስጥርም ሙግት ይኸው ነው። ከኳዘሩ ወንዝ ጋር የሚወርድ የጋለ እብጠት ከጉድጓዱ ርቃ ያለች አንዲት ቦታ ላይ ሲላተም በሬዲዮ ምስል ታየዋለች፤ በዚያው ሰሞን ጋማውና በዓይን የሚታየው ብርሃን በአንድ ቀን ቦግ ይላሉ። አራት ብልጭታዎች እሺ አሏት። አምስተኛው ግን እምቢ አለ፤ በዓይን የሚታየው ብርሃን ጋማውን በአንድ ቀን ቀደመው። ቀናቸው ከተለያየ፣ ቦታቸው አንድ ነው ብላ ማንን ታሳምናለች?

አባቷ መሪጌታ ይትባረክ ከቅዳሴ ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ።

«ምነው እንደ ታሰረች ጊደር ትዞሪያለሽ?»

«ቀኑ አልገጥም አለኝ፣ አባ። ጋማው በፈረንጅ መስከረም አሥራ ሦስት ነው። እኔ በቴሌስኮፕ ያየሁት በእኛ መስከረም ሁለት፤ አሥር ስጨምርበት አሥራ ሁለት።»

እሳቸው ደብተሯን ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት። «ዓመቱስ?»

«ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት።»

«ዘመነ ዮሐንስ ነዋ! ሉቃስን የተከተለ። ሉቃስ ሲወጣ ጳጉሜን ስድስት አድርጎ ነው። በዚያ መስከረም አሥር አይደለም፣ አሥራ አንድ ነው የሚጨመር። የመሪጌታ ልጅ ሆነሽ!»

ሚስጥር እጇን አፏ ላይ ጫነች። አሥራ ሦስት! ሌሎቹን አራቱን ቀናት አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አንዳቸውም በዘመነ ዮሐንስ አልዋሉም። ሠንጠረዡን አርማ ላከችው።

«እንግዲህ ኳዘር ሁሉ እንዲህ ነው?» አሉ አባቷ።

«እንጃ፣ አባ። ከጉድጓዱ ሥር ነው የሚሉም ብዙ ናቸው። እኔ የአንዱን ብቻ ነው ያየሁ።»

«እሱንም ሳትበዪ ነው ያየሽው» አለች ኪዲ፤ ወጡን ልታሞቀው ስታነሣ ሚስጥር ከእጇ ነጠቀቻት።

እግሯ ገና መሬቱን ይመታል፤ ግጥሙም ጭራ አላገኘም። ግን ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፤ ቀዝቃዛውን ድንች በእንጀራ ጠቅልላ ጎረሰች።