ሳይወርድ የቀረው መልሕቅ

የጀልባ ዕቃ የምትሸጠው ሴትዮ ችኮ ናት ይሏታል። መልሕቅ ፈልጎ የመጣ ሰው፣ ስለ ክብደትም ስለ ዋጋም ሳያወራ፣ የውሃው ወለል ጭቃ ይሁን አሸዋ ወይም ድንጋይ መናገር አለበት። «እኔ ምን አውቄ፣ ውሃ ነዋ!» ካላት፣ «እንግዲያው በረጅም እንጨት ነካክተህ ና» ብላ ባዶ እጁን ትመልሰዋለች። ገበያተኛው እያጉረመረመ ይሄዳል፤ ነካክቶም ይመለሳል።

የታናሽ እህቷ ባል የመጣ ቀን ግን አልጠየቀችም። ጀልባውን የሚያቆምበት ቦታ ጭቃ መሆኑን ታውቃለች። ለጭቃ የሚሆነው ባለ ሰፋፊ ክንፉ መልሕቅ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበር፤ መሰላል ይፈልጋል። ጉልበቷን ያማታል፣ ሱቁንም ልትዘጋ ነው። ለባዕድ ቢሆን እያቃሰተችም ትወጣ ነበር። እሱ ግን የቤት ሰው ነው፤ የቤት ሰው ደግሞ ምን ቢሰጡት አይቀየምም። እግሯ ሥር የነበረውን ታጣፊውን፣ ድንጋይ ሲያገኝ ብቻ የሚይዘውን፣ አንስታ ሰጠችው።

«ይበቃኛል፣ እትዬ?»

«ላንተ ጀልባ? ይተርፍሃል!»

እሁድ ነፋስ ተነሳ። መልሕቁ ጭቃውን እንደ ማበጠሪያ እያበጠረ ተጎተተ፤ ጀልባው ዳር ካለው አለት ጋር ተላተመ፤ አብራው የነበረችው ትንሿ ልጁ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ሴትዮዋ ሐኪም ቤት ድረስ ሄዳ የእህቷን እጅ ይዛ ተቀመጠች። ልትናገር አፏን ከፍታ፣ ውሃ ጠጥታ ዘጋችው።

በሳምንቱ አጋማሽ ሰውየው መልሕቁን አጥቦ አመጣና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

«ለሚችልበት ሰው ይሽጡት። ገመዱን አሳጥሬ መልሕቁን ያስጎተትኩት እኔ ነኝ። ጀልባውንም ልሸጠው ነው። ልጄ ስቀርባት ትሸሸኛለች፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ መልሕቁን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ከገመዱ አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ለጭቃ እንደማይሆን እያወቅሁ ሰጠሁህ። መሰላል ለመውጣት ሰነፍኩ።»

ሰውየው ትክ ብሎ አያት። ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

«እርስዎ? እንዴት ተደርጎ! እኔን ለማጽናናት ነው። አገር ያውቅዎታል እኮ።»

«ስማኝ እንጂ! እውነቴን ነው!»

ግንባሯን ስሞ ወጣ። ከደጅ ለጎረቤቷ ለዓሣ ሻጩ ሲነግረው ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማታል፦

«እንዲህ ያለች ሴት አይቼ አላውቅም። የኔን ጥፋት ልሸከምልህ አለችኝ እኮ!»