ከቤት የሚሠራ ሰው ምሳውን ከማን ጋር ይበላል?

ይህን የምጽፈው ልጄን ምን ብዬ እንደምመክራት ስላልቆረጥሁ ነው።

ዛሬ ቀትር ላይ ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየም ቤቷ ስደርስ፣ ኮምፒውተሯ ላይ አፍጥጣ የቀዘቀዘ ፓስታ ስትበላ አገኘኋት። የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ መሥሪያ ቤቷ ከቤት እንድትሠራ ፈቅዶላታል።

«አባባ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሄዱ ወዲህ ከሰው ጋር ስነጋገር ገና አሁን ነው» አለችኝ እየሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም።

በ1990ዎቹ ቦሌ በነበረው መሥሪያ ቤታችን የሁላችንም ምሳ ዕቃ የሚከፈተው አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ለብቻው የሚበላ ሰው «ምን አስቀየምንህ?» ተብሎ እየተጎተተ ይመጣል። (ሽሮ ይዞ መጥቶ የሰው ጥብስ የሚያሳድድ አለቃም ነበረን።)

ባለቤቴ ባረፈች ሰሞን ምሳ መያዝ ተውሁ። ታይፒስታችን የሺ ግን በየቀኑ ወንበር ስባልኝ፣ «ጋሼ፣ ሽሮው ዛሬ ቀጥኗል፤ ይታገሡን» ትለኝ ነበር። ከዚያ ሐዘን ያወጣኝ ያ ጠረጴዛ ነው።

ይህን ስነግራት ልጄ፣ «እርስዎን ሰርቪስ ከደጅዎ ያነሣዎት ነበር። እኔ ቢሮ ስውል ታክሲ ተሰልፌ ስመለስ ልጆቼን ተኝተው ነው የማገኛቸው» አለችኝ።

ቢሮ መመለስ አለመመለሷን ዓርብ ለመሥሪያ ቤቷ ታሳውቃለች። ከቤት የምትሠሩ የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ፣ ኑሮው ለጤናችሁና ለመንፈሳችሁ እንዴት ሆነላችሁ? እስከ ሐሙስ ጠዋት፣ በተሟላ ዓረፍተ ነገር ጻፉልኝ። ሐሙስ ምሳ ይዤላት እሄዳለሁ፤ መልሳችሁንም አብረን እየበላን አነብላታለሁ።